ወፉ ሳይደነግጥ
በጣና ሐይቅ የውኃ ወፎችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት የቀረበ ትምህርት



በዚህ እትም የምናጠናው በጣና ሐይቅ የሚኖሩትንና ከሩቅ አገር የሚመጡትን የውኃ ወፎች ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ነው። ርእሱን ያየ ሰው፣ «የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ከሐይቅ ጋር ምን አገናኛቸው? ካሜራስ ከየት አመጡ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐይቁ ከቀያችን ቢርቅም ከውኃው ብዙው የሚወርደው ከእኛው ተራራ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን። ካሜራውን በሚመለከት ደግሞ ዛሬ ብዙዎቻችን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን፤ ከመሣሪያው ይልቅ የጎደለን አስተውሎ የማየት ልማድ ነው።

ትምህርቱን በአምስት ክፍል እንመለከተዋለን። አንደኛ ስለ ሐይቁና ስለ ወንዞቻችን፣ ሁለተኛ ስለ ወፎቹና ስለሚገኙበት ጊዜ፣ ሦስተኛ ስለ አነሣሡ ዘዴ፣ አራተኛ ስለ ወፎቹ ሰላም፣ አምስተኛ ፎቶግራፉ ስለሚሰጠው ምስክርነት ነው። በመጨረሻም በየማኅበራችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች ቀርበዋል።

1ኛ. ሐይቁና ወንዞቻችን

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ከዳር ቆሞ ማዶውን ማየት ያልቻለ ሰው ጥልቀቱም እንዲሁ የበዛ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህ ለወፎቹ ታላቅ በረከት ነው። ውኃው በዳርቻው እየሳሳ ስለሚሄድ ደንገልና ቄጠማ ይበቅልበታል፤ እግረ ረጅሙ ወፍ ቆሞ ይለቅማል፣ ዳክዬው ይዋኛል፣ ጠላቂው ጠልቆ ዓሣ ያወጣል። ሁሉም እንደ አፈጣጠሩ የሚበላበት ቦታ አለው።

ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ታላላቆቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ማለትም ርብና ጉማራ፣ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጋይንትም እስቴም ፋርጣም በየበኩላቸው «የእኛ ነው» የሚሉት ተራራ ነው። በምዕራብ ገጹ ላይ የወረደ ዝናብ በእነዚህ በሁለቱ ወንዞች አድርጎ በፎገራና በደራ በኩል ጣና ይገባል።

የስማዳ ልጆች ግን «የእኛ ውኃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ እንጂ ወደ ጣና አይሄድም» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዓባይ በባሕር ዳር ከሐይቁ ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተወርውሮ፣ ጎጃምን ከበጌምድር እየለየ በእስቴና በስማዳ ግርጌ ያልፋል። ከጉና ራስ የወረደው ጠብታ ሐይቁን ዞሮ ተመልሶ በስማዳ ቆላ ሥር ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ ሦስታችንም ከዚህ ሐይቅ ጋር ዝምድና አለን።

ይህን ዝምድና የወፍ ጥናት ሊቃውንትም መዝግበውታል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን 69 ስፍራዎች መርጦ እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜ፣ ጉና ተራራ፣ የፎገራ ሜዳና በባሕር ዳር በኩል ያለው የጣና ዳርቻ ሦስቱም ተቆጥረዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናንና አካባቢውን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል።

2ኛ. ወፎቹና የሚገኙበት ጊዜ

በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው እየገነፈሉ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ከመስከረም በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪትና የሣር ሥር የወፎቹ ማዕድ ይሆናል። ገበሬውም በዚያው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ሩዝም በፎገራ በሰፊው ይመረታል። በመሆኑም ወፉና ገበሬው በአንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙት በዚህ ወራት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ከምናገኛቸው ወፎች ጥቂቶቹን እንጥቀስ። በባሕር ዳር በኩል፣ በተለይም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ ከመንቁሩ ሥር የቆዳ ከረጢት ያለው ነጩ ፔሊካን ይታያል። ጥቁሩ ኮርሞራንት ዓሣ ለማጥመድ ጠልቆ ከወጣ በኋላ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እንደ ተሰጣ ልብስ ክንፎቹን ዘርግቶ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ በሉ ንስር ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ይጮኻል። ጃካና የምትባለው ወፍ ጣቶችዋ እጅግ ረጃጅም ስለ ሆኑ በውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ትራመዳለች። በሜዳው ደግሞ በፎገራ ከብት መካከል ነጫጭ ሳቢሳዎች ከብቱ የሚያስነሣውን ፌንጣ እየለቀሙ ይሄዳሉ። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው በራሱ ላይ እንደ አክሊል የቆመ ወርቃማ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬን ነው፤ ይህ ወፍ በዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ በመሄዱ ለአደጋ ከተጋለጡት ወገን ተመድቧል።

እንግዶቹ ወፎች የሚመጡት ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ግራጫው ክሬን ከሰሜን አውሮፓ ተነሥቶ በሺህ በሺህ እየሆነ በጣና ዙሪያ ይከርማል። በፊንላንድና በኢስቶኒያ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ እንደሚመጡ ተረጋግጧል፤ ይህም ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ በረራ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ እጅግ የተሻለ ነው።

3ኛ. የማንሣት ዘዴ

ሀ. ስለ ብርሃን፦ ጣና በማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ያስቸግራል። ወፎቹም በብዛት የሚመገቡት በማለዳና ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ በቦታው መገኘት ያስፈልጋል። ፀሐይዋን ከጀርባችን ስናደርግ የወፉ ላባ መልኩ ይታያል። ነጭ ወፍ በጠቆረ ውኃ ላይ ሲቆም ካሜራው ይታለልና ብርሃን ያበዛል፤ ላባው እንደ ኖራ ወጥ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ነው። ጥቁር ወፍ በሚያብረቀርቅ ውኃ ፊት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርሃኑን ጥቂት መጨመር ይገባል። በስልክም ቢሆን ጣታችንን በወፉ ላይ አሳርፈን ወደ ላይና ወደ ታች በመጎተት ይህን ማድረግ እንችላለን።

ለ. ስለ ቁመት፦ ቆመን ወደ ታች ያነሣነው ወፍ ትንሽና የተዋረደ ይመስላል። ተንበርክከን ወይም በሆዳችን ተኝተን ከዓይኑ ትይዩ ስንሆን ግን በራሱ ዓለም ውስጥ ሆኖ ይታያል። የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማትል ለዚህ የተመቸች ናት፤ ሞተር ስለሌላትም አትጮኽም። ነገር ግን ስለምትወዛወዝ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አያገለግልባትም፤ ክርንን ከጎን አጥብቆ፣ ትንፋሽን ያዝ አድርጎ ማንሣት ይሻላል።

ሐ. ስለ ፍጥነትና ስለ ሌንስ፦ ቆሞ ያለን ወፍ ለማንሣት የካሜራው መዝጊያ በሴኮንድ አንድ ሁለት መቶ ኀምሳኛ ቢሆን ይበቃል። የሚበርረውን ለማንሣት ግን አንድ ሺህኛ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ለወፍ 400 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አቅራቢ ሌንስ ይጠቀማሉ፤ ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ነው። ስልክ ያለን ሰዎች ከሩቅ ያለውን ወፍ በስልኩ ለማቅረብ ብንሞክር የምናገኘው የተበታተነ ነጠብጣብ ነው። ይልቁንስ ወፉን ከነቦታው ማንሣት ይሻለናል፤ መንጋውን ከነሜዳው፣ ሳቢሳውን ከነላሙ፣ ፔሊካኑን ከነጀልባው። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ወፉ ከማን ጋር እንደሚኖር ስለሚያሳይ ከትልቁ ሌንስ ሥራ የማያንስ ጥቅም አለው።

መ. ስለ ትዕግሥት፦ ወፍ ልማድ አለው። ትናንት የቆመበት ድንጋይ ላይ ዛሬም ይቆማል፤ ከዚያ የተነሣው ወደዚያው ይመለሳል። ስለዚህ ወፉን ከማሳደድ ይልቅ ቀድሞ ተቀምጦ መጠበቅ ይበልጣል። በዚህ ረገድ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር የተወለዱትን የገበሬ ልጆች፣ ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉትን ወንድማማቾች ማስታወስ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ያወጡት የወፍ ጎጆዎች መጽሐፍ፣ በዱር በተነሡ ፎቶግራፎች ብቻ ከተሰናዱት የተፈጥሮ መጻሕፍት የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። እነዚህ ሰዎች ወፎች ከብትን እንደማይፈሩ ስላስተዋሉ፣ የበሬ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ውስጡ እየተደበቁ ያነሡ ነበር። ብልሃቱን ያገኙት ከብት በዋለበት መስክ አድገው ባዩት ነገር ነው። እኛም ሳቢሳ በላም ጀርባ ላይ ሲቀመጥ እያየን ያደግን ልጆች ነን፤ ያን የመሰለ ዕውቀት አላነሰንም።

4ኛ. የወፉ ሰላም ከፎቶግራፉ ይቀድማል

በጥር ወር አንድ ማለዳ በጉማራ አፍ አጠገብ በታንኳ ስንሄድ ቀዛፊያችን ያደርጉት የነበረውን አስተውለናል። አንድ እግረ ረጅም ወፍ ከፊታችን ሆኖ ይለቅም ነበር። ወፉ መልቀሙን ትቶ አንገቱን ቀጥ ባደረገ ጊዜ እኒያ አባት መቅዘፊያውን ከውኃው አውጥተው በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ወፉ እንደገና አቀርቅሮ ሲለቅም ቀዘፉ፤ አንገቱን ሲያቀና ደግሞ አቆሙ። በዚህ ዓይነት ሳይበርር ብዙ ቀረብነው። ስለ ፎቶግራፍ የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ሊያስተምረን ከሚችለው ዋነኛውን ነገር ያን ዕለት ያገኘነው ከእርሳቸው ነው፤ ይኸውም ወፉ የሚናገረውን መስማት ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ወፉ መብላቱን ያቆማል፤ አንገቱን ያቀናል፤ ፊቱን ያዞርና ፈጠን ብሎ ይራመዳል፤ መንጋው ይሰበሰባል፤ ከዚያ ይነሣል። ከመጀመሪያው ምልክት ላይ ብንቆም የጎዳነው ነገር የለም። እስኪነሣ ብንጠብቅ ግን ምግቡን አስጥለነዋል፤ ጉልበቱንም አባክነንበታል። ከፊንላንድ ድረስ የመጣ ክሬን በጣና ዳር የሚበላው ለዕለት ብቻ አይደለም፤ ለመልስ ጉዞው ስንቅ የሚሆነውን ስብ የሚያከማችበት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያስነሣው ላይጎዳ ይችላል፤ በየቀኑ የሚመጣው ሁሉ ቢያስነሣው ግን ስንቁ ሳይሞላ ይሄዳል። «መንጋው ሲበርር ያምራል» በማለት ድንጋይ መወርወር ወይም መጮህ ስለዚህ ነውር ነው።

ከሁሉ የሚብሰው በጎጆ አጠገብ መቆም ነው። እናቲቱ ከእንቁላሎችዋ ስትነሣ የቀትር ፀሐይ ያበስላቸዋል፤ ቁራና ጭልፊትም ቦታውን ያያሉ። ለተሻለ እይታ ብለን ቅጠሉን ገለጥ ካደረግነው ጎጆውን ለጠላት አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። ለሰውም ቢሆን አደጋ አለው፤ ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ የወፍ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1937 ጎጆዋን በምትጠብቅ ጉጉት ጥፍር አንድ ዓይኑን አጥቷል። ስለዚህ ጎጆ ባየን ጊዜ ሕጋችን አጭር ይሁን፤ አናነሣም፣ አንጠጋም፣ ቦታውንም ለሌላ አንናገርም።

ለፔሊካን ዓሣ እየወረወሩ እንዲሰበሰብ ማድረግ በሐይቁ ላይ የተለመደ ነው። ፎቶግራፍ ለማግኘት ቀላል መንገድ ቢሆንም ወፉ ከአጥማጅነት ወደ ለማኝነት እንዲለመድ ያደርገዋል። ጀልባ ነጂውን ይህን እንዳያደርግልን አስቀድመን በትሕትና ብንነግረው ይበቃል።

በደሴቶቹ ላይ ያለው ደግሞ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር ነው። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ዙሪያ ዛፉ ስለ ተጠበቀ ብዙ ወፎች ያድሩበታል፤ ጎጆም ይሠሩበታል። በዚያ ስንደርስ አበውን ሳናስፈቅድ ካሜራ አናነሣም። ሴት እኅቶቻችን የማይገቡባቸው ገዳማት ስላሉም በማኅበር ስንሄድ ይህን አስቀድመን ጠይቀን መነሣት አለብን። መረብ የሚጥለውን ዓሣ አጥማጅ፣ አጨዳ ላይ ያለውንም ገበሬ ከማንሣታችን በፊት ማስፈቀድ እንዲሁ ነው።

5ኛ. ፎቶግራፉ ምን ይመሰክራል?

የፎቶግራፍ ትልቁ ጥቅም ዛሬ ያለውን ለነገ ማስቀመጡ ነው። በፎገራ ሜዳ ሸሸርና ወላላ የተባሉ ሁለት ረግረጋማ ስፍራዎች አሉ። ብዙ ዓይነት የውኃ ወፍ የሚገኝባቸው ሲሆኑ፣ ውኃቸው እየተንጣፈፈና ዳርቻቸው እየታረሰ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ጠብበዋል። ከዚህ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ያለው ሰው የት ድረስ ይደርሱ እንደ ነበር ማሳየት ይችላል፤ የሌለው ግን «ድሮ እዚህ ውኃ ነበር» ከማለት አያልፍም። ይህን ስንል ገበሬውን መውቀሳችን አይደለም። መሬቱ የጠበበበት ሰው ውኃው በሸሸ ቁጥር ተከትሎ ቢያርስ ልጆቹን ለማሳደር ነው። ክሬኖቹም ከዘራው ላይ ይለቅማሉ። ሁለቱ አብረው የሚኖሩበትን መንገድ ለመፈለግ ግን በመጀመሪያ ያለውን በትክክል ማየት ያስፈልጋል።

ሆኖም ፎቶግራፍ ሊዋሽም ይችላል። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ እያለበሰ ሕዝቡ በእጁ እየነቀለ ሲታገለው ቆይቷል። የዚህ አረም አበባ ሐምራዊና ውብ ነው። በአበባው መካከል ጃካና ስትራመድ ያነሣ ሰው እጅግ የሚያምር ፎቶግራፍ ያገኛል፤ ያየውም ሁሉ «ጣና እንዴት ለምልሟል!» ይላል። ነገር ግን ያ ልምላሜ የሐይቁ ሕመም ነው። አረሙ ውኃውን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ከሥሩ ያለው አየር ያንሳል፣ ታንኳም መረብም አያስኬድም። ስለዚህ ማስታወሻ የሌለው ፎቶግራፍ ግማሽ ምስክር ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወፉን ዓይነትና ብዛት፣ ከሥሩ ያለውም ነገር ምን እንደ ሆነ ከፎቶግራፉ ጋር መጻፍ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ቤታችን የሚመለሰው። በክረምት ርብና ጉማራ ቀይ ሆነው ሲወርዱ የሚያዩ ሰዎች «ወንዙ ሞላ» ይላሉ። ያ ቀለም ከጉና ወገብና ከየአቀበቱ የታጠበ እርሻ ነው። አፈሩ በወንዙ አፍ ይከማቻል፤ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ማዳበሪያም እምቦጩን ይመግበዋል። በጣና ላቤዮባርበስ የተባሉ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዓይነቶች አሉ፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ በክረምት ሽቅብ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው በጠራ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ ይታፈናል፤ ዓሣው ከቀነሰ የአጥማጁም የወፉም ሆድ ይጎድላል። በላይ የታረሰው ገደል በታች የወፉን ማዕድ ያነሣል ማለት ነው።

እንግዲህ እያንዳንዳችን በያለንበት ልንጀምራቸው የምንችላቸው ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ልምምዱን በቀያችን እንጀምር። ጩኸቱ ከሩቅ የሚሰማው ጋጋኖ በየመስኩ አለ፤ በደጋው ጅረትና ረግረግ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይኖራል። ጣና ሳንደርስ ዓይናችንን የምናሠለጥንባቸው እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ የወፍ ደብተር ይከፈት። በየወሩ የታየው ወፍ፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍበት። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ በጥር ወር ይካሄዳል፤ የእኛም ደብተር ከዚያ ጋር እንዲገጥም በጥር አንድ ቀን ለይተን እንቁጠር።

ሦስተኛ፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ ቦረቦር ወይም አንድ የወንዝ ዳር መርጠን፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆመን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በግንቦት፣ እናንሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፎቶግራፎቹን በተራ ስናስቀምጥ ቦረቦሩ መስፋቱን ወይም መዳኑን ያለ ክርክር እናየዋለን።

አራተኛ፣ ቦረቦሩ ሲሰፋ ካየን ካሜራውን አስቀምጠን ድንጋይ እንልቀም፤ እርከን እንሥራ፤ ሣር እንትከል። ጉማራ ጠርቶ ከወረደ በጣና ዳር የቆመው ወፍ ባያውቀንም እኛ እናውቀዋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ የሚወርደው ዝናብ በየትኛው ወንዝ አድርጎ ወዴት ይሄዳል? ጣና ይደርሳልን?
2. ወፍ መረበሹን የሚያሳይባቸውን ምልክቶች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ። የትኛው ላይ መቆም አለብን?
3. ውብ ሆኖ ሳለ የሚያሳስት ፎቶግራፍ ምን ዓይነት ነው? ከእምቦጩ ሌላ ምሳሌ ስጡ።
4. ረግረጉን የሚያርሰው ገበሬና ረግረጉን የሚፈልገው ወፍ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት እንዴት ነው? የሁለቱንም ጥቅም እያሰባችሁ ተከራከሩ።
5. በቀያችሁ በየዓመቱ የምታነሡትን አንድ ቦታ ምረጡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት በደብተራችሁ ጻፉ።

ይቆየን።